ሻይ በኪሎ ልክ

ወንድሜ የመድኃኒት አስተዛዘዝ ፈተናን ሁለት ጊዜ ወድቋል። የመጀመሪያውን ጊዜ የነጥብ ቦታ ስቶ፣ በወረቀት ላይ ላለ አንድ ሕፃን የአሥር ሕፃን መድኃኒት አዘዘ። በሁለተኛው ግሉኮሱ በደቂቃ ስንት ጠብታ እንደሚወርድ ሲያሰላ ሰዓቱ አለቀበት። ሦስተኛውን ከወደቀ ከሕክምና ትምህርት ቤቱ ይሰናበታል። ስድስት ዓመት ለፍቶ! አክስታችን ይህን ስትሰማ ጓዟን ጠቅልላ መጣች።

አክስቴ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ የወጥ ቤቱን ቁልፍ ተቀበለችና በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች፦ "ያለ ትእዛዝ ወረቀት ውሃም አይወጣም።" ከዚያ ቀን ጀምሮ የምንበላውንም የምንጠጣውንም የሚያዝልን ወንድሜ ሆነ። ስም፣ ክብደት፣ መጠን፣ ሰዓት፣ ፊርማ። አንዷ ከጎደለች ወረቀቱ ይመለሳል፤ እኛም በባዶ ሆዳችን እንጠብቃለን።

ሻይ ለአንድ ኪሎ ሦስት ሚሊ ሊትር ተባለ። ሚዛኑ ሳሎን መሃል ተቀመጠ። አባቴ ሰማንያ ኪሎ ስለሆነ ሁለት መቶ አርባ ደረሰው። እኔ ሃምሳ ኪሎ ሆኜ መፈጠሬን ረገምኩ። ማክሰኞ ዕለት ወንድሜ አንድ ማንኪያ ስኳር ለማለት "1.0" ብሎ ጻፈ፤ ነጥቧ ደብዝዛ ስለነበር አባቴ ሻይ ውስጥ አሥር ማንኪያ ተጨመረ።

"ይኼ ልጅ ሊገድለኝ ነው!" አለ አባቴ።

"ለዚህ እኮ ነው ቤት ውስጥ የምንለማመደው" አለች አክስቴ ረጋ ብላ።

የሚገባው ብቻ ሳይሆን የሚወጣውም ይለካ ብላ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ባለ መስመር ጆግ ስታስቀምጥ፣ የዓመት ፈቃድ ላይ የነበረው አባቴ ፈቃዱን አቋርጦ ሥራ ገባ።

ሐሙስ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን መጣች። የሰፈሩን ሰው ወገብ ሁሉ በቃሏ ታውቃለች፤ የራሷን ግን ደፍሮ የጠየቃት የለም። አክስቴ ጠየቀቻት።

"ስንት ኪሎ ነሽ እቴ?"

"ስድሳ" አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ሚዛኑን ስናሳያት ጉልበቷን አመማት። ወንድሜም በስድሳ አሰላላት፤ መቶ ሰማንያ ሚሊ ሊትር። በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችውና ስኒዋን ዘረጋች።

"ለስድሳ ኪሎ ይበቃል" አለች አክስቴ።

ባዶ ስኒዋን መልሳ አስቀመጠች። ሦስት ቀን ተመላልሳ፣ ሦስቱንም ቀን ስድሳ እንዳለች ሻይ እንዳማራት ሄደች።

ሰኞ የፈተናው ቀን ነበር። ትምህርት ቤቱ በሽተኛ መስለው የሚተኙ ሰዎችን ይቀጥራል። ወንድሜ መጋረጃውን ሲገልጥ አልጋው ላይ ማን ተጋድሞ ቢያይ ጥሩ ነው? ልብስ ሰፊዋ! እግሯ ውስጥ ደም ረግቷል ተብሎ ነው። የሚታዘዘው የደም ማቅጠኛ መርፌ ነው፤ ለአንድ ኪሎ አንድ ሚሊ ግራም። ካርዷ ላይ "ክብደት 60" ተብሎ ተጽፏል።

ስድሳ ብሎ ቢጽፍ በቃ፣ አለፈ። እጁ ግን እምቢ አለው። ጥግ ላይ አቧራ የለበሰ ሚዛን ነበር።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሚዛኑ ላይ ይውጡ።"

"ካርዱን አታነብም እንዴ?" አለች ጥርሷን ነክሳ።

"አንብቤዋለሁ። ግን ሻይ ሲጠጡም አይቻለሁ።"

ዘጠና አንድ!

ፈታኙ ሐኪም ሚዛኑን አየ፣ የመልስ ወረቀቱን አየ፣ ላብ አጠመቀው። ለካ አራት ዓመት ሙሉ ተማሪው ሁሉ በስድሳ እያሰላ ሲያልፍ ኖሯል።

"መልሱ ስድሳ ነው የሚለው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"የማዝዘው ለመልስ ወረቀቱ ነው ወይስ ለእሳቸው?"

ፈታኙ የመልስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። "ለእሳቸው" ብሎም ፈረመለት።

አባቴ በደስታ አለቀሰ። እኔ ግን ጎረቤታችንን ሳስብ ደስታዬ ግማሽ ሆነብኝ፤ በፈታኙ ፊት አዋረድናት። በማግስቱ መጣች። ማንንም ሰላም ሳትል ሶፋው ላይ ተቀመጠች። አክስቴ እንደ ልማዷ እስክሪብቶ አነሳች።

"ስንት ኪሎ ነሽ?"

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ልብስ ሰፊዋ ጣራ ጣራውን አየች።

"ዘጠና አንድ" አለች። "አንዲት ጠብታ እንዳታጎድሉብኝ።"