ስምንተኛው በር

«ያ በር ደግሞ ተከፈተ» አለች የሟቿ ታላቅ እህት፣ የሻይ ትሪ እንደያዘች ከወጥ ቤት ብቅ ብላ።

ሹፌሩ ሰምቷታል። በሩንም ሰምቶታል። ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል፤ ከየጎረቤቱ በተሰበሰቡ ወንበሮች ላይ የድሮ የሥራ ባልደረቦቹና ሚስቱ መጋረጃ የሰፋችላቸው ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ። በዚያ ሁሉ ሹክሹክታ መሀል የወጥ ቤቱ ካቢኔት በር ሲጢጥ ብሎ በራሱ ሲከፈት ለይቶ የሚሰማው እሱ ነው። ሚስቱ ከተቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። በእነዚህ ሁለት ቀናት በሩ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ቢጠይቁት ይናገራል፤ ማን መጥቶ ማን እንደሄደ ግን አያውቅም።

ሁሉም ሹፌሩ ነው የሚሉት። ሠላሳ አራት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል፤ የማለዳውን የመጀመሪያ ጉዞ የሚወጣውም እሱ ነበር። ጡረታ ከወጣ ስምንት ወሩ ነው። ሚስቱም ብትሆን «ሹፌሩ» እንጂ ሌላ ብላው አታውቅም፤ እሱ ደግሞ በአጸፋው «አለቃ» ይላታል። መጋረጃ ሰፊ ነበረች። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዋ ድምፁን ሲያቆም ክር የምትቀይር መስሎት ጋዜጣውን ገልብጦ ሌላ ገጽ ጀመረ። ያን ገጽ አንብቦ ጨርሶታል።

እህቷ ትሪውን ለሴቶቹ ሰጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል።

«ቅዳሜ አናጢው ነጭ ቀለም ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ» አለችው በጆሮው። «እሁድ ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ አለ። ሰባት በር አንድ ዓይነት፣ አንዱ ቡናማ፤ ምንድን ነው ይሄ ይላሉ። ሁሉንም ነጭ አድርጎ ይገላግለን።»

«እትዬ፣ ግድ የለም፣ ይቆይ።»

«እስከ መቼ?»

ሹፌሩ ዓይኑን ወደ ወጥ ቤቱ መለሰ።

«ሠላሳ ዓመት በዚያ ጨለማ ወጥ ቤት ቆመች። ይታደስልኝ ባለችህ ቁጥር ለከርሞ አልካት። በመጨረሻ ራሷ ጀመረችው። አንድ በር እንኳ አልያዝክላትም። አሁን ልተወው? ልጨርስላት እንጂ።»

የተናገረችው በቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለው ነበር። እውነቷን መሆኑ ነው ያንገበገበው። ውሃ ልጠጣ ብሎ ተነሥቶ ወደ ወጥ ቤቱ ገባ፤ ገብቶም መሀል ወለሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ጭንቅላቱን ምንም አልመታውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት ሲገባ የሚመታው ነገር ነበረ፤ አሁን በዚያ ቦታ አየር ብቻ ነው ያለው። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ እጁን ሰቅሎ ዳሰሰው። ሕልም ውስጥ የገባ እንጂ የገዛ ቤቱ ውስጥ የቆመ አልመሰለውም።

ካቢኔቱ ቤቱን የሸጡላቸው ሰዎች ጥለውት የሄዱት ነው። እንጨት የሚመስል፣ እንጨት ያልሆነ፣ አምፖል ካልበራ ቀኑን የሚያጨልም ቡናማ። አለቃ ባለፈው ወር አንድ ጠዋት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችውና «አዲስ ይቅርብኝ። ፊቱን ላሳጥበው ነው» አለች። በሮቹን አንድ በአንድ ፈታ የዓመታት ዘይታቸውን በሳሙና አጠበች። ቀጥላ በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍጋቸው ጀመር፤ አቧራው ፀጉሯ ላይ አረፈ።

«አሮጊት መሰልሽ» አላት ከሶፋው ላይ ሆኖ።

«እርጅናን ቀድሜህ ልየው ብዬ ነው።»

ለቀለሙ አምስት ሳንቲም አላወጣችም። የጣሪያቸው ነጭ የተረፈ ነበራት፤ ከአናጢው ደግሞ የትምህርት ቤት ወንበር ቀብቶ የተረፈውን ሰማያዊ፣ ከሕንፃው ጠባቂ የግቢውን በር ግራጫ ለመነች። ሦስቱን በአንድ ጣሳ አደባልቃ በእንጨት ስታማስል ሰነበተች። ያማሰለችበትን እንጨት ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ ታያለች፣ ጠብታ ትጨምራለች፣ ደግማ ታያለች።

«የበሽተኛ ፊት ይመስላል» ብሏት ነበር ሹፌሩ፣ ቀለሙን እኩለ ቀን ላይ ሲያየው።

«አንተ ማለዳ ተነሥተህ ፍረድ።»

ማለዳ መነሣት በቃኝ ያለ ጡረተኛ ነውና አልተነሣም።

ሥራውን ያከፋፈለችውም እሷ ናት። ሰባቱ በር የሷ፣ አንዱ የሱ። የሱ፣ ከመግቢያው ወዲያው በስተቀኝ የተሰቀለው፣ የሻይ ብርጭቆ ያለበት ነው። አለቃ ያን በር ከፍታ መተው ልማዷ ነበር፤ እሱ ደግሞ ሲገባ ግንባሩን መምታት። ፊቷን ሳታዞር «ጎንበስ!» ትለዋለች፤ ቃሏ ግን ሁልጊዜ ከበሩ ጥቂት ዘግይቶ ነበር የሚደርሰው። በሠላሳ አራት ዓመት መንገድ ላይ የሰው መኪና እንኳ ያልነካ ሰው በገዛ ቤቱ ሲጋጭ ኖረ። «ግንባርህ የሚያውቀውን በር አንተ ትቀባዋለህ» ብላ ፈረደች።

ቅዳሜ እቀባዋለሁ አለ። ቅዳሜው ደረሰና ኳስ ነበረ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወዳጁ ጠራው። በሦስተኛው ወገቡን አመመው፤ እውነቱን ለመናገር አላመመውም። በዚያው ማታ፣ ሰባቱን በር ጨርሳ እጇን በቀለም ማስለቀቂያው በአኳራጅ ስታጥብ፣ ፊቷ ላይ የድካም ፈገግታ አየና አሳዘነችው።

«የፊታችን ቅዳሜ ካልቀባሁት አንቺን ይንሳኝ» አላት።

«በእኔ አትማል፣ ብሩሽ ያዝ» አለች እሷ።

እንዲህ ብሎ የማይምል የለም። ለቁራሽ ነገርም ይማላል። ቅዳሜ ማታ የማለው ሰው ግን ማክሰኞ ሚስቱን ተነሣ። ገና አራት ቀን ነበረው፤ ገና ቃሉን አላፈረሰም። ከቀብር ሲመለስ መኪናው ውስጥ ያሰበው፣ ትናንትም ሌሊቱን ሙሉ ያሰበው ይህንኑ ነው፤ ቅዳሜ እኮ ገና አልደረሰም።

ዓርብ ጠዋት አናጢው መጣ። ከላይኛው ፎቅ የሚኖር፣ እጁ ከመጋዝ ተለይቶ የማያውቅ ጎልማሳ ነው። ለነገው ሥራ ልለካ ብሎ ገባና በራሱ የሚከፈተውን ቡናማ በር ሁለት ጊዜ ዘግቶ ሁለት ጊዜ ሲከፈት አየው።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «የቀብሩ ዕለት ሴቶቹ ዕቃ ማስቀመጫ ተቸግረው፣ በሮቹ ሁሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው አየሁ። ቶሎ ቶሎ ብዬ ያገኘሁትን ባገኘሁበት ሰቀልኩ። ይሄ ቦታው እዚህ አይደለም፤ ማጠፊያው አልገጠመም።»

ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ ብሎኖቹን ፈታ። በሩን ገልብጦ ጀርባውን ሲያይ ሳቅ አለና ወዲያው ሳቁን ዋጠው።

«ሰው ቁጥር ነው የሚጽፈው። እሳቸው ግን …»

በእርሳስ፣ ጨርቅ ላይ ምልክት በምታደርግበት በዚያ ደቃቅ ጽሕፈቷ፣ «ሹፌሩ የሚጋጭበት» የሚል ተጽፏል። ከሥሩ አራት መስመር። ቅዳሜ፣ ተሰርዟል። ቅዳሜ፣ ተሰርዟል። ቅዳሜ፣ ተሰርዟል። አራተኛው ቅዳሜ አልተሰረዘም።

አናጢው ሌሎቹንም ከፈት ከፈት እያደረገ ጀርባቸውን አነበበ። «ስኳርና ጨው፣ ተጠንቀቂ።» «ማንም የማይከፍተው።» ከመታጠቢያው በላይ ያለውን ሲከፍት እህቷ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ ቀድማው አነበበችው። «እህቴ ለሠርጌ የሰጠችኝ ሳህኖች። በቀስታ ይዘጋ።»

እህቷ የሻርፗን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ዞራ፣ ጠረጴዛው ላይ የተኛውን ቡናማ በር አየች።

«አራተኛው ለምን አልተሰረዘም?» አለች።

«ነገ ስለሆነ ነው» አላት ሹፌሩ።

ሁለት ቀን ሙሉ ያልወጣው ነገር በአንድ ጊዜ ወጣ። መሐላውን ነገራት። ኳሱንም፣ ያላመመውን ወገቡንም፣ አንብቦ የጨረሰውንም ገጽ ነገራት። አናጢው ብሎን እየቆጠረ ወለል ወለሉን አየ። የእህቷ ዓይን ድንገት የመታጠቢያው ሥር ላይ ደረሰና ፊቷ ተለወጠ።

«ቀለሙ» አለች። «ጣሳው ተገልብጦ ነው ያገኘሁት። ባዶ መስሎኝ … አሁን ጠዋት ከቆሻሻው ጋር አውርጄዋለሁ።»

ሹፌሩ በካልሲው ወጣ። ሦስት ፎቅ ደረጃ እንዴት እንደወረደ አያውቅም፤ ለማጽናናት የሚወጡ ሁለት ሰዎች ግድግዳው ላይ ተለጥፈው አሳለፉት። የቆሻሻው ከረጢት ከሕንፃው በር ውጪ ገና አልተነሣም ነበር። ተንበርክኮ ፈታው፣ ከሻይ ቅጠልና ከወረቀት መሀል ጣሳውን አወጣ፤ ደረቱ ላይ አቅፎት ወጣ።

አናጢው ጣሳውን ተቀብሎ ጆሮው አጠገብ ነቀነቀው። ውስጡ የሆነ ነገር ተናወጠ።

«ባዶ ስለሆነ አይደለም የገለበጡት» አለ። «ክዳኑን ጥብቅ አድርጎ ገልብጦ የሚያስቀምጥ ቀለም የሚያውቅ ሰው ነው። አየር አይገባውም፤ ከላይ ቆዳ አያበጅም። ለአንድ በር ይበቃል፣ ጋሼ። ለመሳሳት ግን አይበቃም።»

ከሰዓት በኋላ ሳሎን የተቀመጡት ሰዎች ከወጥ ቤቱ የፍግፈጋ ድምፅ ሰሙ። አንዱ «ሐዘንተኛ ይሄን ይሠራል?» ብሎ አንሾካሾከ። እህቷ በሩ ላይ እንደቆመች «ይሠራል» አለችው። ሹፌሩ ሊመሽ ሲል አቧራ ለብሶ ሲወጣ፣ እህቷ ሳታራግፍለት ፀጉሩን አየችው።

ቅዳሜ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተነሣ። ማንም አልቀሰቀሰውም፤ ሰውነቱ የድሮ ሰዓቱን አልረሳም። መብራት ሳያበራ ወጥ ቤት ገባና በዓይኑ ያየውን ለማመን ቆየ። ግድግዳው የለም። መስኮቱ የት እንደሚያበቃ፣ በሮቹ የት እንደሚጀምሩ አይለይም፤ ውጪ ያለው ሊነጋ ያለ ሰማይ ዝም ብሎ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ሳህኖቹንና ብርጭቆዎቹን ዙሪያ አቅፏቸዋል። የበሽተኛ ፊት ያለው ቀለም ይህ ነው።

ያኔ ገባው። በዚህ ሰዓት እሱ ሻዩን ጨልጦ ሲወጣ፣ እሷ እዚህ ቆማ ከመታጠፊያው እስኪሰወር በመስኮቱ ታየው ነበር። ከዚያ ዞር ስትል የሚጠብቃት ያ ቡናማ ነው። ሠላሳ ዓመት እሱ መንገዱን አየ፣ እሷ ሰማዩን። ሲመሽም አንድ ቀን «ምን ስታዪ ዋልሽ?» ብሎ አልጠየቃትም። እንባው መጣ፤ አልከለከለውም።

ክዳኑን ከፈተ። ቀለሙ ትናንት የተበጠበጠ ያህል ለስላሳ ነበር። ብሩሹን ነክሮ ከላይ ወደ ታች፣ እሷ ስታደርግ ከሶፋው ላይ ሆኖ እንዳየው፣ በቀስታ ይቀባ ጀመር። መሀል ላይ ሲደርስ እህቷ ባዶ እግሯን መጥታ በሩን ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በሁለት እጇ ያዘችለት። ብሩሹ የጣሳውን ታች ሲፍቅ የመጨረሻው ጥግ ተሸፈነ። ጀርባውን አልነካውም።

ረፋድ ላይ አናጢው ብሎን ይዞ፣ ቀለም ሳይዝ መጣ። ቀለሙ እጅ ላይ የማይጣበቅ ሲሆን፣ ከመግቢያው በስተቀኝ በስሕተት የተሰቀለውን ወደ ቦታው መልሰው በሩን እዚያ ሰቀሉት። ማጠፊያው ልክ ገባ። «ጠርዙ በደንብ እስኪደርቅ ግን አይዘጋ፣ ይጣበቃል» አለ አናጢው። «ዛሬን ክፍት ይዋል።»

ክፍት ዋለ። ከሰዓት በኋላ ሰው እንደገና ሞላ። የድሮ ባልደረቦቹ መጡ፤ አንዷ ሴት ከወጥ ቤት ስትመለስ ለጎረቤቷ «ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ስትል ሰማት። ሁለቱም ስሙን አላገኙለትም። እህቷ ሻይ አለቀ አለችው በዓይኗ። ሹፌሩ ባዶ ብርጭቆዎቹን በትሪ ሰብስቦ ተነሣ፣ በወንበሮቹ መሀል አለፈ፣ ወደ ወጥ ቤቱ ታጠፈ።

ውስጥ ማንም አልነበረም። ከምድጃው በኩል ምንም ድምፅ አልመጣም። በሩ ሥር ሲደርስ፣ ማንም ሳይለው፣ ጎንበስ አለ። ካለፈም በኋላ ቶሎ ቀና አላለም።