የክሌይ ነጭ መስመር

ሎሬታ ካርቶን ጭቃው ላይ ዘርግታ ከፒካፑ ሥር ስትገባ ጉልበቷ ቋ አለ። ሌሊቱን በአረጋውያን መጦሪያው ሽማግሌ ስታገላብጥ አድራ፣ እንቅልፍ እንኳ ሳትጠግብ ነው የተነሳችው። የራሷ መኪና ከሞተች ወዲህ፣ በዚያ ወንዝ ለወንዝ በሚጠማዘዝ መንገድ ሥራ የምትመላለሰው፣ ለመሳፈር መሰላል በሚያስመኝ በዚህ ጉድ ነበር። ትናንት ድልድዩ ጋ መሪው ከእጇ ሊያመልጥ ሲል የፈራችውን ያህል ፈርታ አታውቅም።

መኪናውን ከፍ ያደረገው ልጇ ክሌይ ነው። ረዥም ሞላና ግዙፍ ጎማ ገዝቶ፣ በጋውን ሙሉ እዚሁ ግቢ ሲታገል ከረመ። ብዙም ሳይቆይ የሚሠራበት የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ በላው። አባቱ ሃርላን ከቀብሩ ወዲህ ልጁ ያጠበቀውን አንድም ቡሎን አልነካም። መሪው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ንዝረት የሚያስታግስ አንድ አሞርዛተር ጨመረበት፤ ሲብስበት ሌላ ደገመው። ያ ሁሉ መንቀጥቀጡን ደበቀው እንጂ አላዳነውም።

ዛሬ ሎሬታ ሁለቱንም ፈትታ ጣለቻቸው። መኪናውንም በክሪክ አላነሳችውም፤ ክብደቱን ካልተሸከመ የላላው አይታይም።

«ግራ ቀኝ በለው!» አለች ከሥር።

ሃርላን ወንበሩ ላይ ሆኖ መሪውን ወዘወዘ። «ኧረ ምንም የለውም! መስመሩን እዪው፣ መስመሩን!»

መስመሩ አለ። ክሌይ ቡሎን ባጠበቀ ቁጥር ቡሎኑን ከሚያስረው ዳዶ እስከ ቡሎኑ ጫፍ ነጭ ቀለም ያሰምር ነበር፤ ዳዶው ከላላ መስመሩ ይሰበራል። ሃርላን እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በባትሪ እያየ፣ «አልተሰበረም» እያለ ይጽናናበታል። አሁንም አልተሰበረም። ግን የፊት አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ላይ፣ ቡሎኑ ከነዳዶው ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ቡሎኑ የገባበት ክብ ቀዳዳ ተበልቶ እንቁላል መስሏል።

«ውረድ። እኔ አዞራለሁ፣ አንተ ግባ።»

«ወገቤን እኮ...»

«ወገብህን አውቀዋለሁ። ግባ አልኩህ! አንዱን ቀብሬያለሁ። ለቀለም ብዬ ወንዝ አልገባም፣ አንተ ሰውዬ!»

ሃርላን እያቃሰተ ገባ። ሎሬታ ወንበሩ ላይ ወጥታ መሪውን አዞረች። ደግማ አዞረች። 

«ቡሎኑ እጄ ላይ ይንቀሳቀሳል» አለ ሃርላን ከሥር። «ልጁ ግን ምንም አላጠፋም፣ ሎሬታ። አሳምሮ ነው ያጠበቀው።»

«ማን አጠፋ አለ? ብረት ነው፤ ያልቃል።»

የቡሎን መፍቻ ቁልፍ እንድታቀብለው ጠየቃት። ዳዶው ሲዞር መስመሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ሃርላንም በቀብሩ ቀን ያላለቀሰውን እዚያው በጀርባው ተንጋሎ አለቀሰ። ሎሬታ ሥራ ቦታዋ ደውላ እንደምታረፍድ ተናገረች፤ አለቃዋ አጉረመረመች። ሃርላን የተበላው ቀዳዳ ላይ በልኩ የተበሳ ወፍራም ብረት በየደ፣ አዲስ ቡሎን አስገባ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ አጠበቀው። ከዚያ የክሌይን የቀለም እስክሪብቶ ከመሣሪያ ሳጥኑ አውጥቶ ሰጣት።

«አንቺ አስምሪ። የምትነጂው አንቺ ነሽ።»

ቀለሙ ሊደርቅ ምንም አልቀረው። ካርቶኑ ላይ ተንጋላ ከዳዶው እስከ ቡሎኑ ጫፍ አሰመረች።

«ጠማማ ሆነ» አለች።

«ይሁን። ከእንግዲህ እሑድ እሑድ የማየው ያንቺን ነው።»