የበሩ ፊደላት

ባሌ የሱቅ ስም በብሩሽ ይጽፋል። የሚታተም ባነር ከመጣ ወዲህ ደንበኞቹ አንድ በአንድ ጠፉ። መለመን ሞቴ የሆነው እኔ የአጎቴን ልጅ ለምኜ የመጋዘን ዘበኝነት አስገኘሁለት፤ ከሦስት ወር በኋላ ሊጀምር። ብሩሾቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተታቸው።

ሆዱ መባባቱን ያየች እህቴ በስልኩ አንድ የሙያተኞች ቡድን ውስጥ አስገባችው። በየአገሩ የተበተኑ፣ በአካል ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። "የሥራ ፈት ጉባኤ" አልኩ። ምላሴን ይቁረጠው!

ደንባቸው አንድ ነው፦ ሐሙስ ሐሙስ የሚለጠፈው ያላለቀ ሥራ ብቻ ነው። ባሌ መች አንብቦት! የሚኮራበትን የመድኃኒት ቤት ሰሌዳ ለጠፈ። የቡድኑ ታላቅ፣ እማማ አሻንጉሊት የሚሏት ልብስ ሰፊ፣ በድምፅ መልእክት መለሰችለት፦

"ልጄ፣ ላለቀማ ምን እንርዳህ? ያላለቀውን አምጣ!"

"ሃያ ዓመት ሠርቼ ዛሬ ፈተና ልቀመጥ?" ብሎ ደሙ ፈላ። እመር ብሎ ተነሣና የሥራ ክፍሉን በር ፎቶ አነሣው። ሃያ ዓመት ብሩሽ የሞከረው እዚያ በር ላይ ነው፤ እግር የሌለው ፊደል፣ አንገቱ የጠመመ፣ ግማሹ ላይ የተተወ። "ያውላችሁ ያላለቀ!" ብሎ ለጠፈ። መሳደቡ ነበር።

ስልኩ እስኪመሽ ጮኸ። ፊልም ሠርቶ ጨርሶ የርዕሱ ጽሑፍ ብቻ አልጥመው ያለ አንድ የቡድኑ ሰው፣ "እነዚህን እፈልጋለሁ፤ እባክህ ጨርሳቸው" አለው። ብሩሾቹ ከአልጋ ሥር ወጡ። ፊደል በኮምፒውተር የምትቀርጽ አንዲት ልጅ እያንዳንዱን እየተቀበለች አሰናዳች። እማማ አሻንጉሊትማ "አንገቱ የጠመመውን እንዳታቃናው፣ ውበቱ እሱ ነው!" እያለች ከሩቅ ትቆጣለች። ባሌም ይስቃል፤ ሲስቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነበር።

ፊልሙ በብዙ ከተሞች በአንድ ቀን ታየ፤ በእኛም። በጨለማው አዳራሽ የባሌ ፊደላት ግድግዳ ሞልተው ወጡ፣ ከሥራቸው ስሙ። ሰው አጨበጨበ። እኔ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ምን አባቱ! ከአዳራሹ ሳንወጣ ከቡድኑ ሦስት ሰዎች በስልኩ የመጽሐፍ ሽፋንና ፖስተር አዘዙት።

ደጃፉ ላይ የኔ ስልክ ጠራ። የአጎቴ ልጅ ነው።

"ሰኞ በጠዋት ነው፤ እንዳያረፍድ ንገሪው።"

ባሌ ሰምቷል፤ አንገቱን ደፋ።

"ወንድሜ፣ ውለታህ አለብኝ" አልኩት። "ግን ሌላ ሰው ፈልግ። ባሌ ሥራ አለው።"