እጅሽ እስኪበረታ

«መድኃኒቱ ዛሬ እንኳ ቢቀርባት ምን አለበት? ሐዘን ላይ ነን እኮ!» አሉ የባሏ አክስት፣ የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ወደ መኝታ ቤቱ ዘልቀው። «ደግሞ ልጅቷ ደህና ናት። እዪያት፣ ዱባ መስላለች!»

የልጅቷ እናት ወደ አልጋው ዞረች። የሦስት ወር ልጇ አልጋው ላይ እግሯን ታወራጫለች። ጠረጴዛው ላይ የኪኒን ብልቃጥና ሁለት ማንኪያ አለ። ሁልጊዜ ጠዋት መድኃኒቱን አድቅቀው የሚሰጧት የባሏ እናት፣ አማቷ፣ ነበሩ። ትናንትም ሰጥተዋት፣ ከቀትር በኋላ ልባቸው ቀጥ አለ። አሁን ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል። እናትየዋ ደግሞ አንድም ቀን በእጇ ሰጥታት አታውቅም፤ ፈርታ።

ልጅቷ እንደተወለደች ያላደነቃት አልነበረም። «ልጅ ማለት እንዲህ ነው! ጎረቤት የማትረብሽ!» ይላል የመጣው ሁሉ። አታለቅስም፤ ለመጥባት እንኳ ቀስቅሱኝ የምትል ነበረች። እናትም በኩራት ሰማይ ልትነካ ምንም አልቀራት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የትምህርት ቤት ዘበኛ የነበሩት አማቷ ብቻ ፊታቸው አልፈታ አለ።

«እኔ በር ላይ ስንቱን አልቃሻ ተቀብያለሁ» አሉ። «የሚጮኸው አያሳስበኝም። ዝም የሚለው ነው የሚያስፈራኝ። ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ!»

ተረከዟን ወግተው ደም ሲወስዱ እንኳ ሕፃኗ እህ ከማለት አላለፈችም። በኋላ ሐኪሟ እናትየዋን አስቀምጣ አስረዳቻት። «ደምሽ ውስጥ ያሉ ፀረ እንግዳ አካላት በእርግዝናሽ ጊዜ ወደ ልጅሽ ተሻግረዋል። አንገቷ ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ ሥራ ያስፈቱት እነሱ ናቸው። ዝምታዋም ከዚያ የመጣ ነው። ከወራት በኋላ ከደሟ ይጠፋሉ። እስከዚያ ግን መድኃኒቱ አንድም ቀን እንዳይዘለል፤ አንጎሏ የሚያድገው አሁን ነው።»

«የመረዝኳት እኔ ነኝ ለካ!» ብላ ቤት ስትደርስ ተንሰቀሰቀች።

«አንቺ ደግሞ!» አሉ አማቷ። «ደምሽን ሂድ ብለሽ አዘዝሽው እንዴ? ነፍሷም የመጣላት በዚያው መንገድ ነው። ምነው ክፉውን ብቻ ቆጠርሽ? በይ፣ እጅሽ እስኪበረታ እኔ አለሁ።»

አማቷ ቃላቸውን ጠብቀው ነበር። አሁን ምስጋናው ከሐዘኑ በልጦባት ብልቃጡን አነሳች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አክስቴ። አይዘለልም» አለች።

ኪኒኗን በሁለቱ ማንኪያዎች መሃል አስገብታ ተጫነቻት። ከጡቷ ጥቂት ወተት አጠባጠበችበት። ማንኪያው ከንፈሯን ሲነካት ልጅቷ ፊቷን አዞረች፤ ትንሽ እንደዋጠች ጩኸቷን ለቀቀችው። ሳሎን ያለው ወሬ በአንዴ ቆመ።

ባሏ ሮጦ መጣ። «ምን ሆነች?»

«ምንም። ማንኪያ አትወድም።»

«አባብያታ! ሰው እኮ ሞልቷል።»

«ተዋት፣ ትጩህ። ይህን ድምፅ ያተረፉላት እናትህ ናቸው። ሰውም ይስማላቸው።»

ባሏ አፉን በእጁ ያዘ። አክስትየዋ ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና የሕፃኗን ራስ ደገፍ አደረጉላት።

ማንኪያው ጥግ ላይ ትንሽ ዱቄት ቀርቶ ነበር። እናትየዋ አንድ ጠብታ ወተት ጨመረችበትና ያንንም ሰጠቻት።