ማርሽ ስትቀይር የማትሰማው መኪና

ከፍ ያለችው የቤተሰብ መኪናችን አውቶማቲክ ብትሆንም ማርሽ በቀየረች ቁጥር ነቅነቅ ታደርገን ነበር። ባለቤቴ ወገቧን ከታመመች ወዲህ በነቀነቀችን ቁጥር «ኧረ ቀስ በል፣ አንተ ሰውዬ!» ትለኝ ነበር። «እኔ ምን ላድርግ? ራሷ ናት የምትቀይረው!» እያልኩ እጮህ ነበር።

መካኒኬ ሌላ መኪና አሳየኝ። «የዚችኛዋ ካምቢዮ በጥርስ ሳይሆን በቺንጋ፣ በቀበቶ ነው የሚሠራው፤ ማርሽ ስትቀይር አይሰማም» አለኝ። የድሮዋን መኪና ሰጥቼ በሷ ለወጥኩ።

በመጀመሪያው ቀን፣ ባለቤቴን ሕመሙ ስለጠናባት ወደ ሐኪም ቤት ስንሄድ፣ ዳገቱን ሳትነቀንቀን ወጣችው። ከኋላ የተጋደመችው ባለቤቴም ቃል አልወጣትም። «አየሽ? ዛሬስ የምትጮሂበት አጣሽ!» እያልኩ መንገዱን ሙሉ ጉራዬን ነዛሁ። ደርሰን ልቀሰቅሳት ብነካት እጇ ቀዝቅዟል።

አሁንም ብቻዬን ዳገቱን ስወጣ፣ «በይ እንጂ፣ ጩኺብኝ» እላታለሁ።