ትርፍ ቺንጋ

እና እሳቸው ዙህር ሰግደው እስኪመለሱ መልስ ማዘጋጀት አለብኝ፣ ይህቺ መኪና ትጠገን ወይስ ትሸጥ፣ አንድ ቃል ናት፣ መካኒኩ አው ዐብዱልመጂድ ኮፈኑን ከፍተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ ስማ ኒቆዲሞስ ልጄ፣ ቴስታታዋ፣ የሞተሯ ክዳን፣ ተሰንጥቋል፣ ፒስተኖቹም ተበልተዋል፣ ሞተሩ ወርዶ ድሬ መላክ አለበት፣ መቶ ሰማንያ ሺህ ብር ያስወጣሃል፣ ይህቺ አሮጌ ፔጆ ድና ገበያ ብትወጣ እንኳ ያን አታወጣም፣ ወላሂ አልዋሽህም፣ ግን የአባትህ ማስታወሻ ናት፣ አንተ ታውቃለህ፣ አሉና በሸዋ በር ወደ ጀጎል ገቡ።

የአባቴ ማስታወሻ። መዶሻው ከጎማው በላይ ፓራፋንጎው ላይ ነው፣ ጋራዡ ውስጥ ማንም የለም፣ የፊት መስታወቷን አንዴ ባቀምሰው፣ ከዚያ መብራቶቿን፣ ሁለቱንም፣ ታየኛለች እኮ፣ አሁንም እያየችኝ ነው፣ ከዚያ በሩን፣ ጣሪያውን፣ ምን እንደነበረች እስከማይታወቅ ድረስ፣ የምን መጠገን፣ የምን መሸጥ፣ ቀጥቅጬ ቀጥቅጬ ቆራሌው በኪሎ ይውሰዳት። ተው። ተረጋጋ። ሰው ያያል። ሰው ባያይስ።

ረጋ ብለን እናስብ። የሥርጉት ዕቁብ ወጥቶላታል፣ ሚስቴ ናት፣ ብጠይቃት ትሰጠኝ ነበር፣ አሁን እንጃ፣ ከማክሰኞ ጀምሮ ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ ምሳ አቅርባ ፊቷን ታዞራለች። ነስሮ ደግሞ ባጃጄን ንዳልኝ ብሎኛል፣ አብሮ አደጌ፣ አቦ ኒቆ ያቺን ሬሳ ተዋት፣ ማታ ማታ የድርሻህን ይዘህ ትገባለህ፣ ምን ቸገረህ፣ አለኝ፣ እውነቱን ነው፣ እውነቱን መሆኑ ነው ደሜን ያፈላው፣ ሬሳ ሲላት ጉሮሮውን ላንቀው ምንም አልቀረኝም፣ ጣቶቼ አንገቱ ላይ ሲገቡ ታየኝ፣ እየሳቀ ሄደ፣ ምን ያውቃል።

አው ዐብዱልመጂድ ከመሄዳቸው በፊት ሌላም ጠይቀውኛል፣ ስለ ሞተሩ ቀበቶ። ቆይ እንጂ፣ ትርፍ ቺንጋ አልያዝክም ነበር እንዴ፣ አባትህ ያለ ትርፍ ቺንጋ ከደጁ ወጥቶ አያውቅም። ረሳሁት አልኳቸው። ዋሸሁ።

አባቴ፣ አባባ ተክለጻድቅ፣ ያወጡት የቤታችን ሕግ ነው፣ ማታ ትርፏ ቺንጋ ከወንበሩ ስር ወጥታ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ትሰቀላለች፣ ሌባ እንዳይወስዳት፣ ጠዋት ተመልሳ መኪናው ውስጥ ትገባለች፣ በመሀል፣ ከማታ እስከ ጠዋት፣ የኔ ናት። የጀርባዬ። የእግሬ። ደብተር ጠፋ፣ ቺንጋ። ቅዳሴ ቀረህ፣ ቺንጋ። አምሽተህ ገባህ፣ ቺንጋ። ሞተሩ ላይ ያለችው መንገድ ላይ ስትበጠስ ያቺኑ ይገጥሟታል፣ እኔን የገረፈችው ሞተር ስታዞር ከኋላ ወንበር ተቀምጬ እሰማታለሁ፣ በማግስቱ አዲስ ተገዝታ ምስማሩ ላይ ትወጣለች፣ ምስማሩ ጦሙን አድሮ አያውቅም። እናቴ በለጡ፣ ነፍሷን ይማር፣ ሲቆጣ አትጠጋው፣ ራቅ ብለህ ቁም ትለኝ ነበር፣ ራቅ ብዬ መቆም ተማርኩ፣ አንድ ክንድ ሲደመር አንድ ቺንጋ፣ ርቀቱን በዓይኔ እለካዋለሁ፣ ይኸው አርባ ዓመት አልፎኝ ከሰው ጋር ቆሜ ሳወራም እለካለሁ። እወድዎት ነበር እኮ አባባ፣ እጅዎን ስሜ ነው የቀበርኩዎት፣ አንተ ሰውዬ፣ ያ እጅህ በተሰበረ ብዬ ስንት ቀን ለምኛለሁ፣ ቁልፏን ተረከብኩ፣ ምስማሩንም ተረከብኩ።

እኔ ግን አልመታም ብዬ ነበር። ልጄ ኤደን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ዘጠኝ ዓመት አልመታሁም።

ማክሰኞ። ቧንቧ በሰፈራችን በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፣ ገና ጎህ ሲቀድ ቀስቅሻት ጀሪካኖቹን ሙዪ አልኳት፣ ተመልሼ ስመጣ ቧንቧው ስር ቁጭ ብላ እንቅልፍ ወስዷታል፣ ውሃው ሄዷል፣ የሞላው አንድ ጀሪካን፣ ራዲያተሬ ያፈሳል፣ ሳምንቱን በምን ልነዳ ነው፣ እጄ ወደ ምስማሩ ሄደ። እጄ ነው የሄደው። ውሸታም፣ አንተ ነህ የሄድከው፣ ጎትተህ አስገብተህ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛው ላይ ድምፅዋን አጠፋች፣ እኔም እንደዚያ ነበር የማደርገው፣ ዝም ካልኩ ቶሎ ይደክማቸዋል ብዬ። ሥርጉት ከጓዳ ሮጣ መሀላችን ገባች። ቺንጋዋን ወለሉ ላይ ጥያት ወጣሁ፣ ጎንበስ ብዬ ላነሳት አልቻልኩም፣ እንዲሁ ጀሪካኑን ጭኜ አወዳይ ሄድኩ፣ ጫት ጫንኩ፣ ስመለስ ሐማሬሳ ጋ ሞተሩ ላይ ያለችው ተበጠሰች፣ እጄን ከወንበሩ ስር ሰደድኩ፣ ባዶ።

ማንም ሹፌር ያቆማል። እኔ ነዳሁ፣ ጫቱ ይጠወልጋል፣ ነጋዴው የጠወለገ አይቀበልም ብዬ፣ የሙቀቱ መርፌ ቀዩን ሲያልፍም ነዳሁ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ነዳጁን ረግጬ፣ ትቃጠል፣ ማን እንዲቃጠል እንደፈለግኩ አላውቅም፣ ጭስ ሲሸፍነኝ ቆምኩና ያንኑ ጀሪካን፣ ኤደን የሞላችውን፣ ቀዝቃዛውን ውሃ በጋለው ሞተር ላይ ገለበጥኩት። አንዴ ጮኸች። ከዚያ ዝም።

ሃያ ዓመት የነዳ ሰው እንዲህ አያደርግም። ትጠገን፣ አዎ፣ ከተጠገነች ማክሰኞ አልነበረም ማለት ነው፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ቺንጋዋ ወንበሩ ስር ትገባለች፣ ሥርጉት ፊቷን ትመልሳለች፣ መቶ ሰማንያ ሺህ ለዚያ ምን አላት፣ ዕቁቡን እወስዳለሁ፣ እምቢ ካለች፣ እምቢ ካለች ምን። ምን ታደርጋለህ። ትጠገን እላቸዋለሁ፣ በቃ፣ ወሰንኩ።

አባዬ።

ኤደን ናት። የጋራዡ በር ላይ፣ የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች፣ ቺንጋዋን ይዛ። እማዬ አልላከችኝም፣ ነስሮ መኪናው ቺንጋ አጥቶ ነው የተበላሸው ሲል ሰማሁ፣ ረስተኸው ሄደህ ነው፣ አመጣሁልህ፣ አሁን ይሠራል አይደል። በሁለት እጇ ትዘረጋልኛለች፣ አትጠጋም። ከቀሚሷ በታች አንዱ ሰንበር ይታያል፣ ጠቁሯል። የቆመችበትን አየሁት። አውቀዋለሁ። አንድ ክንድ ሲደመር አንድ ቺንጋ፣ ትንሽም ጨምራበታለች። እኔ ዓመታት የፈጀብኝን በሦስት ቀን ለክታዋለች።

የመታኋትን ነገር ነው ያመጣችልኝ፣ መኪናዬ እንዲድን።

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ማሻአላህ ይህቺ ልጅህ ናት፣ አው ዐብዱልመጂድ መጡ፣ እህ፣ ምን ወሰንክ። ትሸጥ። አስበህበታል፣ አሉ። ለብረት ትሸጥ፣ ያንን የብረት መጋዝ፣ ሰጌቶውን፣ ይስጡኝ ይህቺን ቺንጋ ልቁረጣት፣ አልኩና ሰጌቶውን ከግድግዳው ላወርድ እጄን አነሳሁ፣ ኤደን ፊቷን በክንዷ ሸፈነች።

እጄ እዚያው ላይ ቀረ። አው ዐብዱልመጂድ እሷን አዩ፣ ቺንጋዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሰጌቶውን ራሳቸው አውርደው ቺንጋዋን በቀስታ ከእጇ ተቀበሏት፣ ለአባትህም ቺንጋ እኔ ነበርኩ የምሸጥለት አሉኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ የብረት ማሰሪያው ሞርሳ ላይ አስረው መገዝገዝ ጀመሩ።

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ፣ ዘይቱ ሱሪዬን እያራሰው፣ እጆቼን እንድታያቸው ጉልበቴ ላይ ዘረጋኋቸው። የፔጆዋ ነገር አለቀ። ኤደን ክንዷን አውርዳለች፣ ግን እዚያው ናት፣ የለካችው ቦታ ላይ፣ ነይ አልላትም፣ ና ይሉኝ ነበር አባባም ሊገርፉኝ ሲሉ፣ እጠብቃለሁ፣ ብትቀርብ፣ ባትቀርብም፣ እጆቼን ካሉበት አላነሳቸውም፣ ዛሬ አላነሳቸውም፣ ነገ…