አሥራ አራት እርምጃ

«…እናማ ባንቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ገመዷን በሁለት እጁ አነቃት!»

የሟቹ ጓደኛ እምባየ ከተቀመጠበት ተነሣ። የሌለች ገመድ ጨብጦ፣ ጉልበቱን እያንቀጠቀጠ፣ ከድንኳኑ ምሰሶ እስከ ሻይ ምድጃው ድረስ እግሩን እየጎተተ ሄደ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኩንታል ሰሊጥ ተሸክሞ፣ በጠባብ ሳንቃ ሎሪ ላይ ሲወጣ አንድ ቀን ያልተንገዳገደ ሰው፣ ቤቱ ውስጥ በሳሙና ውሃ ተንሸራቶ ወደቀና ከዚያ ወዲያ ሽንት ቤት እንኳ ያለ ገመድ አልሄድም አለ!»

ለቀስተኛው ሳቀ። አንዳንዱ ሳቁን በነጠላው ሸፈነ፣ አንዳንዱ መሸፈኑንም ተወው። ሟቹ ባንታምላክ በየሰው ለቅሶ ሲያስቅ የኖረ ሰው ነውና በእሱ ሣልስት ላይ መሳቅ ነውር ነው የሚል አልተገኘም። ደግሞስ የሰባ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ምሳውን በልቶ፣ «ትንሽ ጋደም ልበል» ብሎ፣ አልጋው ላይ እንደተኛ ሲሄድ፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ይህን ሞት የማይመኝ ማን አለ?

ሚስቱ አሰጋሽ ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ፈገግ አለች። በእጇ የያዘችው ሻይ እንደተሞላ ቀዝቅዟል።

«ሦስት ቀን ሙሉ አፏ ላይ ሻይ አላደረሰችም» አለች አንዷ ሴት ለጎረቤቷ በሹክሹክታ። «ልትከተለው ነው። ፍቅርስ እንዲህ ነው!»

ፍቅሩስ እውነት ነው። ሻዩን የተወችው ግን ሻይ የጠጣ ሰው ሽንት ቤት መሄዱ ስለማይቀር ነው፤ አሰጋሽ ደግሞ የሚወስደውን መንገድ አታየውም። ከሦስት ዓመት ወዲህ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ብርሃንና ጥላ ትለያለች፣ ሰውን በድምፁና በአረማመዱ ታውቃለች፣ የቀረውን በዘዴ ትኖረዋለች። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱንም ሰኞ ዕለት ቀበሩት።

ገመዷ ከአልጋው እግር ተነሥታ፣ በበሩ ወጥታ፣ የራኩባውን ዳስ ምሰሶዎች ታክካ፣ ግቢው ጥግ ካለው ሽንት ቤት ድረስ ትዘልቅ ነበር። አሥራ አራት እርምጃ ነው። ከበሩ ደፍ ፊት አንድ ቋጠሮ፣ ከደረጃዋ ፊት ሁለት፣ ሽንት ቤቱ ጋ ሦስት። በቀብሩ ዕለት ድንኳን ሲተከል ገመድ አጠረ፤ እምባየም ዞር ዞር ሲል አያት። «የባንቴ ገመድ ለባንቴ ድንኳን! ባለቤቷ ከእንግዲህ የት ይወድቃል?» ብሎ ፈታት። እንደ ወጉም ቤቱ ተራገፈ። አልጋው ለሽማግሌዎች መቀመጫ ወጣ፣ የውሃው ማሰሮ ቦታ ለወጠ፣ በሩ ላይ የሃምሳ ሰው ጫማ ተከመረ። አሰጋሽ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆነች።

ያዳናት ባህሉ ነው። ሐዘንተኛ ብቻዋን አትሄድም፤ ደግፈው ያነሷታል፣ ደግፈው ያስቀምጧታል። ጎረቤቷ ዙሌካ ጠዋትና ማታ ክንዷን ይዛ ስታመላልሳት፣ «መስኪን! ወላሂ ሐዘኑ ጉልበቷን ሰበረው» ትላለች። አሰጋሽም ጉልበቷ እንደ ተሰበረ ሰው ትቃትታለች።

የዚያን ቀን ማምሻውን ልጇ ዕፀገነት አጠገቧ ተቀመጠች። ዕፀገነት ኸሽም ኤል ቂርባ ከተማ ነው ትዳሯ፤ ቁመቷም ድምፅዋም የአባቷ ነው።

«እማዬ፣ ከአሥራ ሁለቱ በኋላ ከኔ ጋር አትሄጅም?»

«ምን ጎደለኝ ብዬ?»

«አባዬ የለማ። ብቻሽን ብትወድቂስ?»

«ወዳቂው እሱ ነበር እንጂ እኔ መች ወድቄ አውቃለሁ።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለች ዕፀገነት። «ዓይንሽም እግርሽም ደህና ስለሆነ ነው የምጠይቅሽ። ባይሆንማ መች እጠይቅሽ ነበር? አንሥቼ ነበር የምወስድሽ።»

አሰጋሽ አርባ ዓመት የኖረችበት ቤት ነው። ግድግዳውን በእጇ ለስናዋለች፣ ግቢው ውስጥ ያለችውን የኒም ዛፍ ከባሏ ጋር ተክላታለች። ከዚህ ከወጣች ወዲያ በሰው ቤት በሰው እጅ እየተመራች መኖሯ ነው።

ባንታምላክ ለሰሊጥ አጨዳ ከመተማ ወደ ገዳሪፍ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር። በእህል ገበያው ጫኝና አውራጅ ሆኖ ኖረ፤ እምባየ በሳንቃው ላይ ከኋላው የሚከተል ጓደኛው ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ጠዋት አሰጋሽ የልብስ አጠባ ውሃ ልትደፋ ስትወጣ ደፉን ሳታየው ቀረች። ሳፋው ወደ አንድ በኩል፣ እሷ ወደ አንድ በኩል። ባንታምላክ ሮጦ አነሣት። ጉንጯ አብጧል።

«ለልጄ እንዳትነግራት» አለችው እያለቀሰች። «ከቤቴ ታወጣኛለች።»

እሱም ፊቷን ጠረገላትና ጥቂት አሰበ። ከዚያ በቀጥታ እምባየ ዘንድ ሄዶ፣ «ዛሬ በሳሙና ውሃ ተንሸራትቼ ወደቅሁ፤ ፈርቻለሁ፤ ገመድ ስጠኝ» አለ። ስለ ሚስቱ ጉንጭ ለጠየቀውም፣ «ስወድቅ በክርኔ መታኋት» ብሎ መለሰ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀበት። እሱ ግን ገመዱን ወጠረ፣ የደረጃዋን ጠርዝ ኖራ ቀባ፣ ማሰሮውን ከመተላለፊያ አነሣ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ገና ሰላምታው ሳያልቅ «ጫማ!» እያለ ይጮኽ ነበር፤ ጫማውን ከግድግዳው ሥር ያልደረደረ ሰው ሻይ አያገኝም። አሰጋሽም ለይምሰል፣ «ቤቴን የአህያ መጫኛ አደረግኸው!» እያለች በሰው ፊት ትጨቀጭቀዋለች። ሌላው ቀርቶ ብቻቸውን ሲሆኑ እንኳ ገመዱ የማን እንደሆነ አንድ ቀን ተናግረው አያውቁም።

ማለዳ ማለዳ ገመዱን ይዛ ሄዳ ስትመለስ፣ እሱ ገና ካልጋው ሳይወርድ ይጠራል።

«ማነው?»

«ሌባ ነኝ!»

«ምን ልትሰርቂ?»

«ጋቢህን!»

ትገባና ጋቢውን ትገፍፈዋለች። ዘወትር እንዲሁ ነው። በደህና መመለሷን ሳያውቅ ተኝቶ አያውቅም ነበር።

በሰባተኛው ቀን ድንኳኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። እምባየም ታሪኩን አሻሻለው። አሁን ባንታምላክ ገመዱን ይዞ ማልቀስም ጀምሯል። «‹እናቴ ሆይ ድረሽልኝ› ይል ነበር!» ሲል ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ዕፀገነት እንባዋን እየጠረገች፣ «አባዬ ብቻ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንዴት ያለ ፈሪ ነበር!» አለች።

አሰጋሽ ሰባት ቀን ሁሉን ችላ፣ ይህችን ቃል መቻል አቃታት። ሰው ቢስቅ ይሳቅ፤ የገዛ ልጁ ግን አባቷን ፈሪ ብላ እንዴት ትቅር? ብትናገር ቤቷን ታጣለች። ዝም ብትል ደግሞ እሱ መቃብር ውስጥ እንኳ የእሷን ውድቀት ተሸክሞ ሊኖር ነው።

«ተው እምባየ» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማው። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይላሉ። እሱ ግን አልወደቀም። የወደቅሁት እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ እታለም?»

«የሳሙና ውሃውም የኔ ነው። ገመዱም የኔ ነው። ዓይኔ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ። ባንታምላክ በገመዱ አንድ ቀን ሄዶበት አያውቅም፤ አይተኸዋል እንዴ?»

እምባየ ሲያስብ ሲያስብ፣ ወሬውን ሰማ እንጂ ጓደኛውን ገመድ ይዞ ሲሄድ አላየውም።

ዕፀገነት እየተንደረደረች መጥታ እናቷ ፊት በርከክ አለች። «ይኼ ስንት ነው እማዬ? ጣቴ ስንት ነው?»

«አይ ልጄ፣ እጅሽንም አላየሁት።»

መጀመሪያ የሳቀችው ዙሌካ ናት፤ ከዚያ ዕፀገነት እየሳቀች ማልቀስ ጀመረች። እምባየ ግን አልሳቀም። ፊቱ ጠቆረ። «እኔ ውሻ!» አለና ዘሎ ወጣ፤ በጸጸት ማሰብ የሚባል ነገር ጠፍቶበት የባንታምላክን ገመድ ከካስማው ላይ ፈታው። ድንኳኑም ከነለቀስተኛው ዝርፍጥ አለ።

«ያ ሳተር! አንተ ጠብቀን!» ስትል ዙሌካ ከሸራው ሥር ተሰማች። ቄሱ በመስቀላቸው ሸራውን ወደ ላይ ደግፈው መውጫ ይፈልጋሉ። አሰጋሽ ምን እንደሆነ ባታይም ነገሩ ሲገባት፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች፤ ይህን ለባንታምላክ ማን ይነግርልኛል ብላ ደግሞ አለቀሰች።

አልጋው ወደ ቤት ገባ። ዕፀገነት ገመዱን ራሷ ወጠረችው።

«እንዲህ ነው?»

«ከፍ ብሏል፤ ዝቅ አድርጊው።»

«እንዲህስ?»

«ዝቅ፣ ገና ዝቅ።»

ከእናቷ እጅ ሲገጥም ዕፀገነት አጠገቡ ቀና ብላ ቆመች። ገመዱ ከጭኗ በታች ነው፤ ሳታጎነብስ አትይዘውም። የእሷ ቁመት ደግሞ የአባቷ ቁመት ነው። ሦስት ዓመት በዚህ በር ስትገባና ስትወጣ ይህን አንድ ጊዜ ልብ አላለችውም።

ገመዱን እንደያዘች፣ «አሁንስ ከኔ ጋር ትሄጃለሽ» አለች።

«እናንተ ቤት ስንት ደረጃ አለ?»

«ስድስት።»

«የበሩ ደፍስ?»

«እኔ እንጃ፤ ቆጥሬው አላውቅም።»

«የዚህን ባንታምላክ ቆጥሮታል» አለች አሰጋሽ። «እዚህ የምረግጠውን አውቃለሁ። እዚያ ብትወስጂኝ ነው የምወድቀው።»

ያስታረቀቻቸው ዙሌካ ናት። «ከካርቱም የመጣው ሐኪም የኔን እናት ሞራ በአንድ ጠዋት ነው የገፈፈላት፤ ዛሬ ጤፍ ትለቅማለች ወላሂ» አለች። አሰጋሽ ቢላ ትፈራለች፤ ባሏ ሦስት ዓመት ለምኗት እምቢ ብላዋለች። በመጨረሻ እሷ ሐኪሙ ዘንድ ልትሄድ፣ ዕፀገነትም እስከዚያ አብራት ሰንብታ ከቤቷ ላታስወጣት ተስማሙ። እምባየ ደግሞ በየጠዋቱ እየመጣ ቋጠሮውን ሊያጠብቅ በማርያም ስም ማለ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ድንኳኑ ተነሣ። የሟቹ ልብስ ለድሆች ተሰጠ፤ ጋቢው ብቻ፣ አሰጋሽ ቀኑን ሙሉ ተቀምጣበት ስለዋለች፣ ሳይሰጥ ቀረ።

በማግስቱ ማለዳ የጥር ብርድ ነበር። አሰጋሽ በዋዜማው ሦስት ብርጭቆ ሻይ ጠጥታ ስለነበር ቀድማ ተነሣች። ገመዱን ይዛ ወጣች። በመንገዷ የሚያደናቅፍ አንድ ጫማ አልነበረም፤ ዕፀገነት ሁሉንም ከግድግዳው ሥር ደርድራዋለች። አሥራ አራት እርምጃ ሄዳ፣ አሥራ አራት እርምጃ ተመለሰች። አንዷ ቋጠሮ ላይ ስትደርስ፣ ደፉ ፊት፣ እንደ ልማዷ ቆመች። ጠበቀች። ከአልጋው በኩል ምንም ድምፅ የለም። ናፈቃት፤ ያ ጎርናና ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ «ማነው?» ቢላት ምን ነበረበት?

«ሌባ ነኝ» አለች ቀስ ብላ።

ደፉን በጥንቃቄ ተሻግራ ገባችና ጋቢውን ከአልጋው ግርጌ ስባ ተከናነበችው።